ጎማውን ከስር ያሳሰርኩት እኔ ነኝ

ውድ ፍሰሐ፣

ይህ የማን እጅ ጽሕፈት ነው ብለህ እንዳትቸገር፣ የእኔ ነው፤ የወለተሰንበት፣ የሀብተሥላሴ ሚስት። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ በወረዳው የጎልማሶች ትምህርት ነው። ሰፈሩ «ዳዊት ለመድገም ብላ ነው» ይላል። ይበል። መስመሩ ቢጣመምብህ ታገሰኝ። አድራሻህን ያገኘሁት ከአጎትህ ልጅ ነው። እንደምን ነህ ለማለት ፊት ስለሌለኝ አልጠይቅህም።

እድላዊትን ታስታውሳታለህ። አንተ ከሰፈር ስትወጣ ገና ልጅ ነበረች። አሁን ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷታል። አሥራ አንድ ዓመት ሸራ ለብሶ ግቢያችን የቆመውን የአባቷን ላንድክሩዘር ሞተሩን አስወርዳ አሠራችው። የገጠር ውኃ ጉድጓድ የሚያጠኑ ሰዎችን ልታመላልስበት ነው። የመጀመሪያው መንገዷ ወደ ቦንጋ ነው። ሌላ አገር የጠፋ ይመስል።

ባለፈው ወር እዚሁ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሁመድ የሚባል በያጅ ዘንድ መኪናውን ወሰደችው። «ነይ እማ፣ አየር ትቀበያለሽ» ብላ እኔንም ይዛኝ ሄደች። የብየዳ ጭስ አየር ከሆነ።

ሁመድ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። «ትርፍ ጎማው የት ይሁንልሽ እህቴ?» አላት።

«የት ይሻላል?»

«እሱ እኮ እንደ አማት ነው፤ የትም ብታስቀምጪው ያስቸግርሻል። ጣሪያ ላይ ካልሽ ስታወርጂው ወገብሽን ትሰብሪያለሽ፤ መኪናውም ከላይ ሲከብደው ኩርባ ላይ ያዘማል። ኮፈኑ ላይ ካልሽ መንገድ ይከልልሻል። የኋላ በሩ ላይ ካልሽ፣ በሩ አርጅቷል፣ አንድ ቀን ይዞት ይወርዳል። ከስር ግን አርፎ ይቀመጣል። ሌባ አያየው፣ ፀሐይ አይመታው።»

«ከስር አይሆንም።»

«ምነው?»

«አባቴን የገደለው እሱ ነው።»

ሁመድ እጁን ከመኪናው ላይ አነሳ። «አላህ ይዘንለት። ማን ነው ከስር ያሰረው?»

«ፍሰሐ የሚባል በያጅ። የአባቴ ሚዜ ነበር» አለች። «ማንም ሳያዘው፣ በገዛ እጁ።»

ስምህን የጠራችው ያለ ቁጣ ነው። ዝናብ ነው ወይም ጭቃ ነው እንደሚባለው፣ ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው ነገር አድርጋ። ከእኛ ነው የተማረችው። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። እጄን ሳየው የነጠላዬን ጫፍ እየቋጠረ ነበር፤ ፈታሁት። ደግሞ ቋጠረው።

አሁን አንተ የምታውቀውን ላስታውስህ፤ ከዚያ የማታውቀውን እነግርሃለሁ።

መኪናው ጎማውን ከኋላ ተሸክሞ ሲገባ የግቢያችን በር አይዘጋም ነበር። የሚያንሰው ስንዝር ተኩል ነው። ሀብቴ «ለስንዝር ተኩል አጥር ላፍርስ እንዴ?» እያለ ጌጃ ሰፈር፣ ጠጅቱ ግቢ ያሳድረዋል። የጠጅቱ ግቢ ሰፊ ነው። ባሏ ሞቶባታል። መኪናውን ሊያቆም ይሄድና እራቱን በልቶ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ዝናብ ያግደዋል። በታኅሣሥም ዝናብ ያግደዋል። በመካከላቸው የሆነ ነገር ይኑር አይኑር ዛሬም አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም፤ እንድጠይቀው ዕድሜ አልሰጠሁትም።

ሀብቴ ለአጎቱ ተዝካር ደብረ ብርሃን ሲሄድ መኪናውን የእግር መረገጫውን እንድትበይድለት አንተ ዘንድ ትቶት ነበር። ያኔ ነው የመጣሁት። «ጎማውን ከስር እሰርልኝ፤ መኪናው ቤቱ ይደር» አልኩህ።

«ወለቴ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ?» አልክ።

«የባለቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ።»

«ምን ልበለው?»

«የበሩ ማጠፊያ ደክሟል፣ በሩ ሊገነጠል ነው በለው።»

«ዋሽ እያልሽኝ ነው?»

«ሚዜ አይደለህ? በሠርጋችን ቀን በመካከላችን የቆምከው ለፎቶ ነው እንዴ?»

ሳቅክ። ደስ ብሎህ አልነበረም የሳቅከው። ከዚያ ቡሎኖቹን መፍታት ጀመርክ። በማግሥቱ የታመሙ እናትህን ልታመጣ ወሊሶ ስትሄድ በቤቴ አልፈህ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኸኝ። «ሀብቴ መንገድ ሳይጀምር ያንብበው፤ አደራ» አልክ። በየነገሩ አደራ የምትል ሰው አልነበርክም።

የማታውቀው ይኸውልህ። አልሰጠሁትም።

ማንበብ አልችልም ነበር። እድላዊትን ማስነበብ እችል ነበር፤ ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገቤ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ግን ከልጅ አፍ ምን እንደሚወጣ ፈራሁ። «ሚስትህ በጠጅቱ ቀንታ ነው ያሳሰረችኝ» የሚል መሰለኝ። በሀሳቤ ወረቀት የሚጻፈው ሰው ለማሳጣት ነበር። እንደዚያ አድርጌ ነው የማውቀው። ከቀሚሴ ስር፣ ጡቴ ላይ ሸጎጥኩት።

ሀብቴ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ መጥቶ መኪናውን ካንተ ሠራተኛ ተረክቦ ገባ። «ፍሰሐ ምን ነካው? ጭቃ ላይ ተኝቼ ልፈታው ነው?» አለ።

«በሩ ሊገነጠል ነው አለ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «እሱ ካለ እሺ» አለ። እሱ ካለ እሺ። የግቢው በር ተዘጋ። በማግሥቱ ሰዎች ጭኖ ለቦንጋ ተነሳ፤ በአራተኛው ቀን ሬሳው መጣ።

ተሳፋሪዎቹ እንደነገሩን ጎማ ፈነዳበት። ዝናብ ስለነበር እነሱ ዛፍ ስር ተጠለሉ። እሱ ለሃያ ዓመት እንደለመደው መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ አነሳ። ከኋላ ዞሮ ትርፉን ጎማ አጣው። ያኔ ከስር መሆኑ ትዝ አለውና መፍቻውን ይዞ ገባ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ መኪናው ወረደበት። ይኸው ነው።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ የሆነውን ታውቃለህ፤ አንተም ነበርክ። በድሉ የሟች ወንድም፣ የእድሩም ዳኛ ነው፤ ተነስቶ «ጎማውን ከስር ያሰረው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልክ።

«ሀብቴ አዞህ ነው?»

«የበሩ ማጠፊያ ደክሞ ነበር።» ይህን ስትል ወደ እኔ አላየህም። ያስጠናሁህን ውሸት እንደ ራስህ አድርገህ ተናገርክ። ቀጥለህ «ደግሞ ጽፌለታለሁ፤ መጀመሪያ ትርፉን አውርድ ብዬ። ለወለቴ ሰጥቻለሁ» አልክ።

በድሉ ወደ እኔ ዞረ። «ወለተሰንበት፣ ወረቀት ሰጥቶሻል?»

ወረቀቱ ያኔም ጡቴ ላይ ነበር። በላብና በእንባ ረጥቦ ቆዳዬ ላይ ተለጥፏል። «ወረቀት አላየሁም» አልኩ።

አንተ አፍህን ከፈትክ፤ መልሰህ ዘጋኸው። እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳልክ አይገባኝም። ሐዘንተኛ ሴት በድንኳን ፊት ውሸታም ናት ላለማለት ይሆናል። ወይም ሚዜነት ማለት ለአንተ እሱ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ ኖርክበት፣ እኔ አየሁት። በድሉ «የገደለ እጅ አብሮ አይቀብርም» አለና ስምህ ከእድሩ መዝገብ ወጣ። እናትህ በሁለተኛው ዓመት ሲያርፉ ድንኳን አልተተከለም፤ ጥሩምባም አልተነፋም። ሬሳቸው በሱቄ ፊት ሲያልፍ አሥር ሰው አልሞላም። ሁለቱ ከታክሲ ተራ በቀን ሠራተኛ ዋጋ የመጡ ሸካሚዎች ነበሩ። እናትህ ወልጄ ስተኛ ገንፎ ያገነፉልኝ ሴት ናቸው። ተነስቼ መከተል ነበረብኝ። አንድ ደንበኛ ፖስታ ጠየቀኝ፤ ቆጥሬ ሰጠሁት። በወሩ ጋራዥህን ዘግተህ ሄድክ።

ሱቄን ታውቃታለህ፤ አሁንም ከፍርድ ቤቱ ማዶ ናት። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ቴምብር እሸጣለሁ። ማንበብ የማትችል ሴት ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሸጠች። አጠገቤ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ። አንድ ቀን ደብዳቤ ጻፍልኝ ብዬ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«ከሳሽ ነዎት ተከሳሽ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ጻፍ።»

«እማማ፣ ዝም ብሎ አይጻፍም፤ መልክ አለው። ማን ምን አደረገ? እዚያ ነው የሚጀመረው።»

እሱ አልዋሸም። እዚያ ነው የሚጀመረው። ተነስቼ ሱቄ ገባሁ። ይህን ነገር በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ እንደማልችል የገባኝ ያን ቀን ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት በተከታዩ መስከረም ነው። መምህሯ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት። «እማማ ወለቴ፣ መጀመሪያ ምን ማንበብ ይፈልጋሉ?» ስትለኝ «አንዲት አሮጌ ወረቀት» አልኳት። ሳቀች።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ወረቀቱን የከፈትኩት። ቀለሙ ደብዝዟል። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ሀብቴ፣ ጎማውን ከስር አስሬዋለሁ። ጎማ ቢፈነዳብህ መጀመሪያ ትርፉን አውርድ፣ ከዚያ ክሪክ አግባ። መኪናው ክሪክ ላይ እያለ በምንም ምክንያት ከስር እንዳትገባ። በጭቃ ላይ ክሪኩን እንጨት አስረግጠው። ስመለስ እንገናኝ። ፍሰሐ።»

ስለ ጠጅቱ የለም። ስለ እኔ የለም። ሦስት ጊዜ መልሼ ፈለግሁት፤ ስሜ የለም።

አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። አላለቀስኩም። ሱቁን ከፈትኩ፤ ለአንድ ሰው ቴምብር ሸጥኩ። ከዚያም ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ለምን ብትለኝ፣ ዝምታ ይለመዳል፤ እንደ ጠባብ ጫማ፣ እግር እስኪደነዝዝ ነው።

ከሁመድ ዘንድ የወጣን ቀን ግን እድላዊት መኪናውን ልታስነሳ ስትል «ቆይ» አልኳት። እዚያው ጠመንጃ ያዥ መንገድ ዳር፣ ታክሲ ከኋላችን ጥሩምባ እየነፋብን ነገርኳት። ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። እሷ ለማንበብ እስትንፋስ አልፈጀባትም።

«ይሄን ስንት ዓመት ይዘሽዋል?»

«አሥራ አንድ።»

«ማንበብ ከቻልሽስ?»

«ሁለት።»

«ሁለት ዓመት?» አለች። አሥራ አንዱን ልትተውልኝ ትችል ነበር መሰለኝ፤ ሁለቱን ግን አልቻለችም። ቤት አድርሳኝ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ትለኛለች። «ምሳዎን በልተዋል?» ትለኛለች፣ እንደ እንግዳ።

ባለፈው እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። እጄን አውጥቼ ተነሳሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ግቢው በር፣ ስለ ጠጅቱ፣ ስለ ወረቀቱ። ጠጅቱም እዚያው ተቀምጣለች፤ አርጅታለች። አንገቷን ደፋች። ወረቀቱን ራሴ አነበብኩላቸው። «እንዳትገባ» የሚለው ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ጨረስኩት።

አንዱ ከኋላ «አሁን ይሄ ምን ይረባል? ሟች አይነሳ» አለ።

«እናቱ ያለ ድንኳን ተቀብረዋል» አልኩት።

በድሉ ከዘራውን ይዞ ቆመ። «አንቺ ሴት፣ እኔ እኮ በአንቺ ቃል…» አለና ሳይጨርሰው ተቀመጠ።  በኋላ ስምህ ወደ መዝገቡ እንዲመለስ፣ ለእናትህም በመቃብራቸው ላይ ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግ ወሰኑ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። በድሉ ሊፈርም እጁ ከብዶት ነበር፤ ግን ፈርሟል።

«የአንቺን ነገር ሌላ ቀን እናያለን» አለኝ።

«ሌላ ቀን አልፈልግም» አልኩና ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። መዝገቡን ገልብጬ ስሜን ፈልጌ አገኘሁት። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ።

«ኧረ እማማ፣ ይሄ ቃለ ጉባኤ ያስፈልገዋል!» አለ።

ሰረዝኩት። ቀጥ ያለ መስመር ነው የወጣልኝ። ከእንግዲህ ማን እንደሚቀብረኝ አላውቅም፤ ያ የእኔ ሐሳብ መሆን የለበትም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ እድላዊት ናት፤ ሐሙስ ትደርሳለች። ትርፍ ጎማው የኋላ ወንበር ላይ በገመድ ታስሯል። ሁመድን «ይቆይ፣ የሚያስርልኝ ሰው አለ» ብላዋለች። ቅዳሜ ወደ ቦንጋ ትነሳለች። እሺም እምቢም የምትለው አንተ ነህ። ግን እሺ ካልክ የምታስርበትን ቦታ አንተው ምረጥ፤ በማንም አትታዘዝ። እሷን አጠገብህ አቁመህ፣ እንዴት እንደሚወርድ በገዛ እጇ አስፈትተህ አሳያት። እምቢ ካልክም አትቆጣት፤ እሷ ምንም አላደረገችህም።

ይቅርታ አልለምንህም። የሚለመን ነገር አይደለም። ልትሰድበኝ ብትፈልግ ሱቄ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ አይበዛም። ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

ወለተሰንበት
ልደታ፣ አዲስ አበባ