ቀኝ ብዬ ግራ ገባሁ

ውድ እታለም፣

"እንደምን ሰነበትሽ" ብዬ እንዳልጀምር፣ ስንት ዓመት ሳልጠይቅሽ ኖሬ አሁን ብጠይቅ ያስቅብኛል። እንዳልተወው ደግሞ ያ ጠዋት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ ከመሃል ልግባ፤ አንቺ እንደሆነ ከልጅነቴም የኔን ወሬ ከመሃል መስማት ለምደሻል።

እናታችን ከተቀበረች ወዲህ አልተነጋገርንም። እናንተ ከተማ ባረፍኩ ቁጥር፣ ከበረራ መቆጣጠሪያው ታወር የሚመልስልኝ ሰው አንቺ እንዳትሆኚ እየሰጋሁ ነበር ሬዲዮውን የምከፍተው። በኋላ "ማሠልጠኛ ተዛውራለች" ሲሉ ሰማሁና ልቤ ዐረፈ። ዐረፈ ልበል ወይስ ቅር አለው፣ እሱንም አላውቀውም።

የዚያን ዕለት ጉሙ መሬት ወርዶ ከመስኮታችን ፊት ከጥቂት መብራት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ነፋሱ ዞሮ የምንነሣበት መንደርደሪያ ተለውጦብናል። ረዳት አብራሪዬ አንገቱን ደፍቶ አዲሶቹን ቁጥሮች ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል። ሬዲዮው የእሱ ሥራ ነበር፤ እጁ ሥራ ስለያዘ እኔ ተቀበልኩት። ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ጠየቅሁ። የመለሰልኝ ድምፅ ያንቺ ሆነ፤ ለካ ከማሠልጠኛው ተመልሰሻል።

ምን እንዳልሽኝ ልንገርሽ፤ ማለቴ፣ እኔ የሰማሁትን። "ቻርሊ በሚባለው መገንጠያ ወደ ግራ ታጠፍ" አልሽኝ። እንደ ሥራችን ደንብ ያልሽውን መልሼ ደገምኩልሽ። "ትክክል ነው" አልሽ። አውሮፕላኑን እየነዳሁ የማስበው ግን ስለ መንገዱ አልነበረም። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል፤ ጉንፋን ይዟት ነው ወይስ እንዲህ አርጅታለች? አውቃኝ ይሆን? እያልኩ ነበር። የቻርሊ ቢጫ ምልክት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አነበብኩት፤ ወደ ግራም ታጠፍኩ። እዚያ ጋ ሊያስቆሙኝ የሚገባቸው ቀይ መብራቶች ለጥገና ጠፍተው ነበር።

"ድንቡሼ! ቁም! ቁም!"

አንቺ ነሽ፤ በራዳርሽ አይተሽኝ ኖሯል። በሥራ ቋንቋችን አይደለም፤ በቤታችን ቋንቋ። በበረራ ቁጥሬም አይደለም፤ ጀርባሽ ላይ አዝለሽኝ ስትዞሪ ባወጣሽልኝ ስም። እግሬ ከአእምሮዬ ቀድሞ ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላ ሰው ጮኸ፣ ዕቃ ተንኮሻኮሸ። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ ኃይለኛ መብራት ወጣና አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከፊታችን ተምዘግዝጎ አለፈ። እኛን እንደ ቅጠል አርገፈገፈን። ለካ የአውሮፕላኔን አፍንጫ ሌላው አውሮፕላን የሚነሣበት መንደርደሪያ ላይ ልደቅነው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ረዳቴ ቀና ብሎ፣ "ካፒቴን፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አውሮፕላን ነው" አልኩት።

ጥቂት ቆይቶ የማላውቀው አብራሪ በሬዲዮ፣ "ለመሆኑ ድንቡሼ ማነው?" ሲል ሰማሁ።

ነገሩ እስኪጣራ እኔንም ከበረራ፣ አንቺንም ከመቀመጫሽ አነሡን። ቃሌን ስጠየቅ "ተቆጣጣሪዋ ግራ አለችኝ፤ ግራ ታጠፍኩ" አልኩ። ጨምሬም ቀንሼም አይደለም፤ የማስታውሰው እንደዚያ ነበር። ቤት ተቀምጬ ጣራ ጣራ ሳይ ባለቤቴ፣

"ሆነ ብላ ነው የምትለው?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ።"

"እንጃ ምን ይባላል? እህትህ እኮ ናት!"

"ግራ ነው ያለችኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ከዚያ አጣሪዎቹ ጠሩን። ያቺን ክፍል ታስታውሻታለሽ፤ ጠረጴዛው ለሠርግ የሚበቃ፣ ወንበሮቹ የሚንጫጩ። አንቺ ከወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ ከወዲህኛው። ፀጉርሽ ከፊት ሸብቷል። እኔን አንድ ጊዜ አየት አድርገሽ ዓይንሽን ወደ ውሃው ጠርሙስ መለስሽ። ባለመነጽሩ ሰብሳቢ በመጀመሪያ አንቺን ጠየቀሽ።

"አብራሪው ወንድምሽ መሆኑን ያወቅሽው መቼ ነው?"

"አፉን እንደከፈተ።"

"ታዲያ በበረራ ቁጥሩ መጥራት ሲገባሽ፣ ይሄ... ድንቡሼ የሚሉት ነገር ምን የሚሉት አጠራር ነው?"

"በቁጥሩ ብጠራው 'እባክዎ ይድገሙልኝ' ነበር የሚለኝ" አልሽ። "በቤት ስሙ የጠሩት ጊዜ ግን መጀመሪያ ይቆማል፤ የሚነጫነጨው ከቆመ በኋላ ነው።"

የሰብሳቢው ጸሐፊ ሳቋን ለማፈን ስትታገል አየኋት። እኔም ልስቅ ነበር። ቀጥሎ የሬዲዮ ንግግራችንን ቅጂ ከፈቱት።

እታለም፣ አንቺ "ቻርሊን እለፍ፤ በዴልታ ወደ ቀኝ ታጠፍ" ነው ያልሽው። አንድም የተድበሰበሰ ቃል የለበትም። ይሁን፤ ጆሮዬ ነው የሳተው ልበል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ግን የኔ ነው። "ቻርሊን አልፌ፣ በዴልታ ወደ ቀኝ" ይላል፣ ረጋ ብሎ፣ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው። "እስቲ ይደገም" አልኳቸው። ደገሙት። ያው ነው። በገዛ አፌ ቀኝ ብዬ ግራ ገባሁ። ሰው "ግራ ገባኝ" ሲል በስንት ሰው ስቄያለሁ መሰለሽ፤ እኔ በተሳፋሪ የተሞላ አውሮፕላን ይዤ ገባሁበት!

ሰብሳቢው፣ "ካፒቴን፣ ታዲያ ግራ ያለዎት ማነው?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩ። ይህን ቃል በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ ስናገረው እሱ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሬዲዮውን የያዝኩት እኔ መሆኔን፣ ጉሙን፣ የጠፉትን መብራቶች፣ ሁሉንም ደምረው ምክንያት ብለው ጻፉ። ልክ ናቸው። አንቺን ወደ መቀመጫሽ መለሱሽ፤ እኔን ዳግም ሥልጠና አስገቡኝ። አለቀ። እኔ ጋ ግን አላለቀም። ያንን ቅጂ ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር ነው የሚያባንነኝ።

እናታችን ያረፈች ዕለት ባሕር ማዶ ሆቴል ውስጥ ነበርኩ። ደወልሽልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ አንቺም ታለቅሻለሽ። እኔ "ነገ ጠዋት እደርሳለሁ፤ ጠብቁኝ" ነው ያልኩሽ። ስደርስ ተቀብራ አገኘኋት። በለቀስተኛ ፊት "እናቴን ነጠቅሽኝ" ብዬ ጮኽኩብሽ። አንቺም "አትጠብቁኝ ያልከው አንተ ነህ!" ብለሽ ጮኽሽብኝ። አጎታችን "ኧረ በሬሳ አምላክ፣ ሰው ይታዘባችኋል!" እያለ መሃላችን ገባ። እኔ ዋሽታለች ብዬ በዚያው ሄድኩ። ይህን ሁሉ ዓመትም እርግጠኛ ነበርኩ።

ግን ስለ ቻርሊም እርግጠኛ ነበርኩ።

የዚያ ስልክ ቅጂ የለም። የሚከፍትልን ሰብሳቢ፣ "እስቲ ይደገም" የምለው ሰው የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ያቺን የሆቴል ክፍል አስባታለሁ፤ መጋረጃው ይታየኛል፣ ያላወለቅሁት ጫማዬ ይታየኛል፣ "ጠብቁኝ" ስልም ይሰማኛል። ጥቂት ቆይቼ ስሞክረው ደግሞ "አትጠብቁኝ" ስል ይሰማኛል፤ ያው ድምፅ፣ ያው ክፍል። የትኛው እውነት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። "አዎ ብያለሁ፣ ይቅር በይኝ" ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። እሱም ግን የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት ይሆንብኛል። ብዬ ይሆናል። ልቤ የሚፈቅድልኝ እስከዚህ ነው፤ ብዬ ይሆናል፣ እታለም።

ከስብሰባው ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያደረግሽውም አልገባኝም። አልፈሽኝ ሄድሽ፤ ተመለስሽ፤ ቃል ሳትናገሪ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልሽልኝና ደረጃውን ወረድሽ። ይቅርታ ነው? ስንብት ነው? ወይስ ኮሌታዬ እውነትም ተጣሞ ነበር? ባለቤቴን ብጠይቃት "ሂድና እሷን ጠይቃት፤ እኔ የእህትህ አስተርጓሚ ነኝ እንዴ?" አለችኝ።

ሥልጠናዬን ጨርሻለሁ። ረቡዕ ከሰዓት እናንተ ከተማ አርፋለሁ፤ እዚያው ነው የማድረው። ተሳፋሪዎቹን ሸኝቼ ከታወሩ በታች ካለው በር እመጣለሁ። ጠብቂኝ። እኔ የራሴን አፍ ማመን ትቻለሁና፣ እስከዚያ ደውዬ "አትጠብቂኝ" ያልኩሽ ቢመስልሽ፣ ብልሽም እንኳ፣ አንቺ ጠብቂኝ።

ወንድምሽ