ጅራተ ቆራጣው ነብር

ለልጄ ለአራባ፤ እንደምን ሰነበትሽ? የሰሜን አቧራ ደረትሽን አላስቸገረሽም ወይ? ስዕል ላይ ሲያፈጥ የሚውለው ዓይንሽስ ደህና ነው? ባልሽ ኢድሪሱ፣ ልጃችሁ፣ ቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴ እንደ አሮጌ ጀልባ ከመንቋቋቱ በቀር ደህና ነኝ። እህቴ የበቆሎ ሊጥ ዶኮኖህን እኔ ልቀቅልልህ ትለኛለች፤ እምቢ ብያለሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ የማበስለው እኔው ነኝ፤ ቢያርም የራሴ ነው። ይህን ደብዳቤ መምህሩ ልጻፍልህ ቢለኝም እጄ አልተቆረጠም ብዬዋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ጽፈሽ የሳልሽው የልጆች መጽሐፍ ደርሶኛል። ጽሑፉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው፤ ስዕሉን ግን ወዲያው ጨረስኩት። ያ ባንዲራ ይዞ የሚደንሰው ሽማግሌ እኔ ነኝ። የወለቀውን ጥርሴን እንኳ አልማርሽኝም! ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ምነው ባላሳየሁ። ባንዲራው ላይ ያለው ነብር ነው። ከከተማችን ሁለት የጥንት የጦር ጓዶች የእኛ የአንደኛ ጓድ ምልክት ሸርጣን፣ ነብሩ ደግሞ የሁለተኛ ጓድ መሆኑ ጠፍቶሽ ነው? የሌላውን ጓድ ምልክት ይዞ አደባባይ መውጣት ጠብ መጫር እንደሆነ እዚህ የሚድህ ሕፃን ያውቀዋል።

መጽሐፉ ትምህርት ቤት ስለገባ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። የጓዴ ሰዎች «ተሻገርክ ወይ?» እያሉ ባንዲራዬን ሊቀሙኝ ይዝታሉ። ከሁሉ የባሰው የእናትሽ ወንድም ኤቦ ታዊያ ነው። የሁለተኛ ጓድ አለቃ ከሆነ ወዲህ አንገቱ አይዞርም። ዓሣ ገበያ መሐል አስቁሞኝ፣ «አማች፣ እህቴን ወሰድክ፣ ዝም አልን፤ አሁን ደግሞ ነብራችንን?» አለኝ። ሴቶቹ ሚዛናቸውን ትተው ሳቁ። እኔም «እህትህ በገዛ እግሯ ነው የመጣችው፤ ነብርህን ደግሞ እሰረው!» አልኩት። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ጓድ ወጣቶች ዱላ ሳይዙ አይተላለፉም።

የመጪው ሳምንት ቅዳሜ ሁለቱም ጓዶች ለፍርድ ይቀመጣሉ። ስዕሉን ካላጠፋሽ ጓዶቹ ባንዲራ ይዘው ለሚወጡበት ዓመታዊ በዓል መጥተሽ ለልጆች እንዳታነቢ፣ እኔም ባንዲራ እንዳልይዝ ሊወስኑ ነው። ሽማግሌዎቻችን «ልጄ አጥፍታለች በል፣ ገጹ ይቀደድ፣ ነገሩ ይብረድ» ይሉኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዕር ያነሳሁት አጥፊው ብዬ ላዝሽ ነበር።

ስዕሉን ደግሜ ሳየው ግን የነብሩ ጅራት ቆራጣ ነው። የሁለተኛ ጓድ ነብር ጅራቱ እስከ ራሱ ይጠመዘዛል። ይህን ጅራት የት ነው የማውቀው እያልኩ ስብሰለሰል ቆይቼ የእናትሽን ሳጥን ከፈትኩ። አንቺን ያዘለችበት ጨርቅ ጥጉ ላይ፣ የሁለተኛ ጓድ ባንዲራ ሰፊ የነበረው አባቷ ከቁርጥራጭ የሰፋላት ነብር አለ። ጨርቁ አልበቃው ብሎ ጅራቱን አሳጥሮታል። ጥርስ ስታወጪ የምታኝኪው እሱን ነበር፤ እስካሁን ጥርስሽ ያረፈበት ይታያል።

እንግዲህ ትእዛዜን ለውጫለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሾፌር ሲመለስ አብረሽው ነይ። ጨርቁን በሁሉም ፊት እዘረጋዋለሁ፤ ኤቦ ታዊያም የገዛ አባቱን ስፌት አይቶ ይናገር። ባንዲራዬን ቢቀሙኝም ይቀሙኝ። ለእናትሽ ነብር ይቅርታ አልጠይቅም።

ኢድሪሱን ሰላም በይልኝ። ለአማትሽም የላከችልኝ ቅባት ጉልበቴን ትንሽ አለዝቦልኛል በያት። የአያቷን ስም የያዘችውን ትንሿን ኤሲን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እህቴም ሰላም ብላሻለች፤ ዶኮኖዬን ማማቷን ግን አልተወችም። ቀለምሽን ይዘሽ ነይ፤ ማጥፊያሽን እዚያው ተዪው።

አባትሽ ኮቢና አሙዋ
ኤጉምፓ፣ ማክሰኞ፣ ኦገስት 14 ቀን 1990