ወደ አየለች ደጅ የዞረው ቤት

ቀየት፣ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፀጋ፣

የመንዝ ውርጭ ያላቀዘቀዘው ሰላምታዬ ዱባይ ድረስ ይምጣልሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደረቴ እንደምታውቂው ነው፣ ዳገት ስወጣ ሁለቴ አርፋለሁ። ስልክ ላይ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ። የላክሽልኝን የቤት ንድፍ አበላሽቼዋለሁ።

አትቆጪ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ንድፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ አድርጌ በየቀኑ አየው ነበር። ልጄ የሣለችው ባለ ፎቅ ቤት፣ ረጅም የግንብ አጥር፣ ወደ መኪናው መንገድ የሚከፈት የብረት በር። አሮጌው ቤትማ በቅቶታል። እናትሽ አመተሥላሴ ስታርፍ ቃሬዛው በበሩ አላልፍ ብሎ አዘንብለን ነው ያወጣናት። ያን ለት አንቺ አልደረስሽም፤ እኔም አልነገርኩሽም።

ትዕዛዙ የሚባለው ግንበኛ ልክ እንደ ንድፍሽ ገመድ ወጥሮ መሠረቱን ቆፈረ። ከዚያ ድንጋይ ለማመላለስ ደቦ ጠራሁ፤ ሁለት ጋን ጠላ አስጠመቅሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከትዕዛዙ በቀር የመጣ ሰው የለም። አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው መሐል ሜዳ ከተማ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ላከ። ከማንም ጋር አልተጣላሁም። ምቀኝነት ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ይቅር ይበለኝና ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ሆዴ አልበረደም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችን አየለች ዘንድ ሄድኩ። ብቅል አስጥታ፣ ግድግዳዋን ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ምን በደልኳችሁ ብዬ ጠየቅኋት።

«መሪጌታ፣ ጀርባዎን ሊሰጡን ነው አሉ» አለችኝ። «የልጅቱ ሐሳብ ነው ወይስ የእርስዎ?»

ባንቺ እንዳላሳብብ ልጄ ነሽ፤ የእኔ ነው እንዳልል አላሰብኩበትም።

ሰኞ ማለዳ ትዕዛዙን በፎቁ ቁመት ልክ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አስቆምኩት። ጥላው ግቢያችንን አልፎ፣ የአየለችን ብቅል ማስጫ አልፎ፣ ደፏ ላይ ተኛ። አራት ሰዓት እስኪሆን ግቢዋን አልለቀቀም። በዚህ ብርድ የአንዲት አሮጊት የጠዋት ፀሐይ ልወስድ ነበር። ደግሞ አጥሩ የሚቆምበት ቦታ፣ ከበላያችን ያሉት ሦስት ቤቶች ማርያምን ለመሳም የሚያቋርጡበት መንገድ ነው። አንቺም ክርስትና ስትነሺ በዚያው ነው የወሰድንሽ። ዱባይ ተቀምጠሽ ይህን ከየት ታስቢዋለሽ? ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

የቆፈርነውን ደፈንነው። ፎቁ ቀርቷል። በሩ ወደ አየለች ደጅ ዞሯል፣ አጥሩ ሰው የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ሆኗል፣ መንገዱም አልተዘጋም። ፎቅ ላይ የነበረው ክፍልሽ ታች ወርዷል፤ መስኮቱን ግን እንደ ሣልሽው ሰፊ አስደርጌልሻለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልጠራ አሥራ አንድ ሰው ድንጋይ ሊሸከም መጣ። የከረመው ጠላ ኮምጥጦ ነበር፤ ጠጡት። ያለፈውን ያነሣ የለም። ስለ ቅርብ ጎረቤትና ስለ ሩቅ ዘመድ የሚተረተውን ታውቂዋለሽ፤ ለልጅ አይጻፍም።

ደክሞኛል፣ ፀጋዬ። በሰባ ሁለት ዓመት ቤት አይጀመርም። ቢሆንም ክረምቱ ሳይገባ ክዳኑ እንዲያልቅ ትዕዛዙን በየቀኑ አጣድፈዋለሁ፤ ሰልችቶኛል ማለቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ። ለበሩ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ብለሽ ነበር። መቶ ሃያ አድርገው አልኩት። ለምን ቢለኝ፣ ልጄ ስትመጣ ትልቅ ሶፋ ታመጣለች አልኩት። ትዕዛዙ የእናትሽን ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ነበርና አንገቱን ደፍቶ ለካው።

እመቤቴ ከነልጇ መግቢያሽንም መውጫሽንም ታቅናልሽ።

አባትሽ ይሥሐቅ