አንተ ላልሠራኸው መወጣጫ

ውድ የእህቴ ባል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልግበት። በጽሑፍ የላክሁልህም በስልክ ሲነገርህ ስለማታዳምጥ ነው።

እናቴ ትናንት ከቤት ወጣች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የበረንዳው ደረጃ እስር ቤት ሆኖባት ነበር። ደረጃው ላይ ተዳፋት የብረት መወጣጫ ተገጥሞላት፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ ቁልቁል ወርዳ እስከ ግቢው በር ሄደች። ከዚያ ዞር ብላ «ማነው የሠራው?» አለች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሚስትህ ቀደመችኝ፦ «ባለቤቴ ነው እማዬ። ለሥራ ከመሄዱ በፊት ቆራርጦት ነበር፤ ጋሼ ገጣጠመው እንጂ።»

እናቴ ከሠርግህ ቀን ጀምሮ «ይሄ ሰውዬ» ከማለት በቀር ስም ሰጥታህ አታውቅም። ትናንት ግን «ልጄ፣ እጁ ይባረክ» አለች። እህቴ አለቀሰች። ቆርጬ የገጠምኩት ጋሼ፣ እኔው፣ «አሜን» አልኩ።

እሑድ ስትመጣ አጠገቧ አስቀምጣ እንዴት እንደሠራኸው ትጠይቅሃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ በተቆረጠ ነገር አትታለልም። ያንተ መዋረድ እንቅልፍ አይነሳኝም። በእናቷ ፊት ውሸታም ሆና የምትቀረው ግን እህቴ ናት። ስለዚህ ይህን አንብብ፤ ስትጨርስ እንደገና አንብብ።

መጀመሪያ «ማሽኑን እንዴት መረጥከው?» ትልሃለች። እውነቱን እንዳትነግራት። እውነቱ ሱቅ ገብተህ፣ ጎኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ቀይ ፕላዝማ የብረት መቁረጫ እንደ ሙሽራ አቅፈህ መውጣትህ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የባቡር ሐዲድ ይቆርጣል!» አልከኝ። «እናቴን ደረጃ የሚያወርዳት የትኛው ባቡር ነው?» ስልህ የቀለድኩ መስሎህ ሳቅክ። ያ ቁጥር ማሽኑ እየተንቀጠቀጠና እየቦጨቀ፣ እንደምንም የሚበጥሰው ውፍረት ነው። አጥርቶ የሚቆርጠው ከዚያ በጣም ያንሳል። አስተዋይ ሰው በብዛት ከሚቆርጠው ላሜራ ውፍረት ይነሳል፤ ቀጥሎ የቤቱ መስመር ስንት አምፔር እንደሚችል ያያል። አንተ ቁልፉን ስትጫን የግቢው መብራት ድርግም አለ፤ ጎረቤት «ምን ጉድ ነው!» እያለ ሲወጣ አንተ «ኃይሉን አያችሁት?» አልክ። በተቃጠለ ፊውዝ የሚኮራ ሰው አንተን ብቻ አየሁ። ለአፍ ዳገት የለውም።

ቀዩን ማሽን ለሱቁ መልሼ በትንሽ ሰማያዊ ለውጬዋለሁ። እሑድ «ቀዩ የት ሄደ?» ብለህ በሰው ፊት እንዳትጠይቅ።

ቀጥሎ አየሩ። ይህ መሣሪያ ብረት የሚያቀልጠው በመብራት ብቻ አይደለም፤ የታመቀ አየር በኃይል ሳይቋረጥ ሊደርሰው ይገባል። አንተ የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ሰካህለት። አንድ ጣት ያህል ቆርጦ እንደ አሮጌ ውሻ ያለከልክ ነበር። የታንኩን ውኃ ደግሞ አንድ ቀን አፍስሰህ አታውቅም። ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ስፈታ ዝገት የበጠበጠው ውኃ ጫማዬ ላይ ተደፋ። እርጥብ አየር እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን እሳት መውጫ ኖዝል ይበላታል፤ በተበላች ቁጥር አንተ ሻጩን ትራገማለህ። የማሽኑን ግራውንድ ገመድ መቆንጠጫም ቀለም በተቀባ ጠረጴዛ ላይ አስነክሰህ «ሰነፍ ማሽን ነው፣ አልነሳም አለ» ብለሃል። መቆንጠጫው የሚነክሰው የሚቆረጠውን ብረት ራሱን ነው፤ ያውም ቀለሙ ተፍቆ። ከመካከላችሁ ሰነፉ ማሽኑ አልነበረም።

«እንዴት ቀጥ አደረግከው?» ካለችህ፣ ቀጥ ያለ ብረት አስረህ እሱን ተደግፈህ እንደሄድክ ንገራት። ከጠርዝ ነው የምትጀምረው። ፍንጣሪውን ታያለህ፦ ከሥር ወጥቶ ጥቂት ወደ ኋላ ካዘነበለ አካሄድህ ልክ ነው። ወደ ላይ ከተረጨ ቸኩለሃል። የቀለጠው ብረት ከሥር እንደ ንፍጥ ከተንጠለጠለ ተንቀራፈሃል። በአንድ መስመር ላይ ሁለቱንም የቻልክ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ስትጨርስም አየሩ ጫፉን እስኪያቀዘቅዘው ማሽኑን አታጠፋም። ጥቁሩ መነጽር ደግሞ የሚደረገው ዓይን ላይ ነው፤ ለፎቶ ግንባር ላይ የሚሰቀል ጌጥ አይደለም።

ትናንት ደውዬ ስለ እሑድ ስነግርህ ምን አልከኝ? «ጋሼ ሙት፣ አታስብ! እኔ አሳምናታለሁ። ወሬ መቼ አቅቶኝ ያውቃል?»

አቅቶህ አያውቅም። መከራችንም ይኸው ነው።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ወንበሯን መወጣጫው ጫፍ ላይ አስቁማ ጣቷን በላሜራው ጠርዝ ላይ አስኬደች። «እንዲህ የሚቆርጥ ሰው ችኩል አይደለም» አለች። ቀጥላ ዓይን ዓይኔን እያየች «አይደል?» አለችኝ። «አይደለም» አልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ያኔ ነው ሸምድደህ መምጣትህ ብቻ እንደማይበቃ የገባኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ትመጣለህ። እህቴ እናቴን ሐኪም ዘንድ ትወስዳለች፤ ግቢው ባዶ ነው። የግራው የእጅ መደገፊያ የሚቆምበት ላሜራ ገና አልተቆረጠም፤ ቀኙን ብቻ ነው የሠራሁት። የታንኩን ውኃ አንተ ታፈስሳለህ፤ ቀለሙን አንተ ትፍቃለህ፤ የምትቆርጠውም አንተ ነህ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። ብታበላሸው ሌላ ላሜራ አለ። ያንንም ብታበላሸው ሌላ አለ። እስኪመሽ እንቆማለን።

ካልመጣህ እሑድ አልዋሽልህም። ከመጣህና አጥርተህ ከቆረጥክ ግን፣ እናቴ እንደገና ዓይኔን አይታ ስትጠይቀኝ «አዎ እማዬ፣ ሲቆርጥ ቆሜ አይቻለሁ» እላታለሁ።

ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ልበስ።

የሚስትህ ወንድም