የገጽ ሠላሳ ስምንት መልስ

ሳንታ ፌ፣ ሆንዱራስ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2018

ለኖልቪያ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና ያግኝሽ። እኔ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ቀየርኩላቸው። ከታች ቆመው «ያቺን ሚስማር ዘለልካት» እያሉ ሲቆጣጠሩኝ ዋሉ። ዓይናቸው ከእኔ ዓይን ይሻላል። ስለ አንቺ አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

ስልክሽ ላይ ብደውል ሌላ ሰው አነሳው። ትሁት ሰውዬ ነው፤ ቁጥሩ ከጁን ጀምሮ የእሱ እንደሆነ ነገረኝ። በእንግሊዝኛ ነው የነገረኝ፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ስለዚህ ደብዳቤውን በአክስትሽ ልጅ በሚርታ በኩል ልኬዋለሁ። እሷ ያለሽበትን አታጣውም።

ዋናውን ልንገርሽ፤ ፈተናውን አልፌያለሁ።

ሁለት ጊዜ እንደወደቅኩ ታውቂያለሽ። ሁለቱንም ጊዜ የጣለኝ የእንግሊዝኛ ንባቡ ነው። የመርከብ ሠራተኛ የሚቀጥረው ቢሮ አንድን ሰው ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈትንም፤ ይኼኛው የመጨረሻዬ ነበር። ካለፍኩ መርከብ ላይ ተቀጥሬ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ኒው ኦርሊንስ እመጣለሁ፤ ከወደቅኩ እዚሁ መረቤን እየጠገንኩ እቀራለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል መርከብ ላይ ለልብስ እጥበት ሥራ ስትሄጂ የተነጋገርነው ይህንን ነበር። የተማርሽበትን የንባብ መልመጃ መጽሐፍ ትተሽልኝ የሄድሽውም ለዚሁ ነው።

ከጃንዋሪ ጀምሮ ዶን አፖሎኒዮ ዘንድ ተማርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት መርከብ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ጊዜያቸውን በምን እንደሚገፉ ታውቂያለሽ፤ ሰው መቆጣት ይወዳሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአልመንዱ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን፤ እኔ፣ ሴልሶና ሌሎች አራት። አንድ አጭር ጽሑፍ ይነበባል፣ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ሕጋቸው አንድ ነው። ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ነገር የመለሰ ሰው ለባለቤታቸው ለዶኛ ቴዎፊላ ዳቦ የሚሆን አንድ ኮኮናት ይፈቀፍቃል።

የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ይህ ነበር። ፒተር ቤት በምሳ ሰዓት አጎቱ መጣ። ፒተር አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠው። ስለ ዝናቡ አወሩ። አጎትየው በስምንት ሰዓት ሄደ። ጥያቄው አጎትየው ምን በላ የሚል ነው።

«ዓሣ» አልኩ።

ዶን አፖሎኒዮ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ዓሣው የቱ መስመር ላይ ነው?»

«የምሳ ሰዓት ነዋ።»

«የቱ መስመር ላይ ነው አልኩህ።»

«ዶን አፖሎኒዮ፣ የገዛ አጎቱን በምሳ ሰዓት ውሃ አጠጥቶ ሊሸኘው ነው?»

«ተጣልተው ይሆናላ» አለ ሴልሶ። «የመሬት ነገር ይኖራል።»

«ተጣልተው ቢሆንማ ስለ ዝናብ ያወራሉ?»

«እንዴ፣ ክሪሳንቶ፣ የሚያወራው ያጣ ሰው አይደል እንዴ ስለ ዝናብ የሚያወራው?»

«ሁለታችሁም አንድ አንድ ኮኮናት» አሉ ዶን አፖሎኒዮ። «አጎትየው በረሃብ ይሙት፤ እናንተ ምን አገባችሁ? መርከብ ላይ ሦስተኛውን ቫልቭ ዝጋ ከተባልክ ሦስተኛውን ትዘጋለህ። ‹ለማለት የፈለጉት አራተኛውን ነው› የሚል ሰው ነው መርከብ የሚያሰምጠው።»

እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው ይህንን ለመልመድ ይቸገራል። እኛ አንድ ሰው በራችን ላይ ሲያልፍ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንዳልገባ ሳይነግረን እናውቃለን። ዶን አፖሎኒዮ ይህንን ዕውቀቴን በኮኮናት አስወጡልኝ። እስከ ሜይ ድረስ የቀኝ አውራ ጣቴ መፈቅፈቂያው እየላጠው ቆዳ አልነበረውም። ዶኛ ቴዎፊላ ሲያልፉ «ይህን ልጅ ቶሎ እንዳታስተምርብኝ፤ ዳቦዬ እንዲህ ወፍሮ አያውቅም» ይሏቸው ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ጎረቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወሻ፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ ድመቷ የጠፋችባት ሴትዮ፤ ያለውን ብቻ አነባለሁ፣ የሌለውን እተዋለሁ። ጁን ላይ በሳምንት የምፈቀፍቀው አንድ ኮኮናት ብቻ ነበር።

ያንቺ መልሶች መጽሐፉ ውስጥ ነበሩ፤ በእርሳስ የከበብሻቸው። ዶን አፖሎኒዮ «በሌላ ሰው መልስ ላይ አትማርም፤ አጥፋው» አሉኝ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊት የዕለቱን ገጽ በላጲስ አጠፋ ነበር። አብዛኛው መልስሽ ልክ ነው። እርሳስ ስትጫኚ እንደ ሚስማር ነው፤ ከጠፋም በኋላ ምልክቱ ይቀራል።

ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ ደረስኩ። ታስታውሽው እንደሆነ አላውቅም፤ አጭር ነው። ሩት ሌላ ከተማ ትሠራለች። ለባሏ ትጽፋለች። ሥራው ጥሩ ነው ትላለች። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ግን መስኮት አለው። ሰማያዊ ጫማዬን ላክልኝ ትላለች። አራተኛው ጥያቄ ሩት ወደ ቤቷ ትመለሳለች ወይ የሚል ነው። ሀ፣ ትመለሳለች። ለ፣ አትመለስም። ሐ፣ ጽሑፉ አይናገርም።

ሐን ከበሽ ነበር፤ ልክ ነው። ላጠፋው ላጲሱን ሳስጠጋ ከላዩ ያለው ለ ዙሪያውን ጎድጉዶ አየሁት። መጀመሪያ የከበብሽው ለን ነበር። ኋላ አጥፍተሽዋል፤ አጠፋፍሽ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። መጽሐፉን አዲስ የገዛነው አብረን ላ ሴይባ ከተማ ሄደን ነው፤ ከአንቺና ከእኔ በቀር የጻፈበት የለም።

በማግስቱ ለዶን አፖሎኒዮ አሳየኋቸው።

«ሐ ልክ ነው» አሉ።

«ከላይ ያለውን ነው የምልዎት።»

አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ቶሎም አላነሱትም። 

«የጠፋ መልስ አይታረምም» አሉኝ መጨረሻ ላይ። መጽሐፉን ዘግተው ሰጡኝ። የዚያን ቀን የሳትኩት ብዙ ነበር፤ ኮኮናት አላስፈቀፈቁኝም።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ነገሮችን ደግሜ አነበብኩ። ከፋሲካ በፊት የልደት ወረቀትሽን እንድልክልሽ ጠየቅሽኝ፤ ላክሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እኔም ከራሴ አልጨመርኩበትም። በፋሲካ ደወልሽ፤ ስለ ዝናቡ አወራን።

ፈተናው ኦገስት 23 ቀን ነበር። ላ ሴይባ ከሴልሶ ጋር ሄድኩ። ስድስት ጽሑፎች ሰጡን። የመጨረሻው ስለ አንድ ባለሱቅ ነው፤ በሩን ቆልፎ «በአሥር ደቂቃ እመለሳለሁ» የሚል ካርቶን ሰቅሏል። አንዲት ሴት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች፣ ካርቶኑን አነበበች፣ ጠበቀች። ባለሱቁ ተመልሷል ወይ ይላል ጥያቄው። ምን ያህል እንደጠበቀች ጽሑፉ ላይ የለም። ጽሑፉ አይናገርም የሚለውን ከበብኩና ወረቀቴን አስረከብኩ። ከስድስቱ ስድስቱንም አግኝቻለሁ። ሴልሶ አራት አግኝቶ አለፈ። ዶን አፖሎኒዮ ሲሰሙ «አራት ያገኘው ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ ከእኔ ይልቅ በእሱ ነው የተገረሙት።

ቢሮው ሁለት መርከብ አቀረበልን። አንደኛው በየሁለት ሳምንቱ ኒው ኦርሊንስ ይገባል። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ነው፤ ብራዚል፣ ሳንቶስ የሚባል ወደብ፤ ኮንትራቱ ዘጠኝ ወር። ሴልሶ በመጀመሪያው ፈረመ። እስክሪብቶውን ሲሰጠኝ ቦታውን በጣቱ እያሳየኝ ነበር። እኔ በሁለተኛው ፈረምኩ።

«አበድክ እንዴ?» አለኝ ውጪ ስንወጣ። «ሚስትህ ያለችው በዚያ በኩል አይደል?»

«የቱ መስመር ላይ ነው፣ ሴልሶ?»

 እስክንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ዝናብ አወራልኝ።

የምሄደው በዚህ ወር 22 ነው። የቤቱ ቁልፍ እናትሽ ዘንድ ነው። የልብስ ስፌት መኪናሽን ዘይት ቀብቼ ሸፍኜዋለሁ። ላኩልኝ ካልሽ ሚርታ መንገዱን ታውቃለች፤ እናትሽም አይከለክሉም። ጀልባውን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ። የጉልበቴን ነገር ለመርከቡ ሐኪም አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝም።

ሴልሶ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ያንቺ ከተማ ይደርሳል። ሁለት የኮኮናት ዳቦ ያመጣልሻል፤ ዶኛ ቴዎፊላ የጋገሩት ነው። ምንም እንዳይጠይቅሽ ነግሬዋለሁ። ብቻ ሴልሶ ነው፤ ከጠየቀሽ ታገሺው።

መጽሐፉንም እሱ ይዞልሽ ይመጣል። ያንቺ ነው፤ ለእኔ ሥራውን ጨርሷል። ሁሉንም ገጽ አጥፍቼ አጽድቼዋለሁ፤ ገጽ ሠላሳ ስምንትን ብቻ እንደነበረ ተውኩት። አራተኛው ጥያቄ ላይ እኔም መልሻለሁ። አንቺ መጀመሪያ የከበብሽውን በእስክሪብቶ ደግሜ ከብቤዋለሁ፤ ላጲስ አያጠፋውም። ከእንግዲህ አንቺ መመለስ የለብሽም።

ጤና ይስጥሽ። ሥራሽ ይቅናሽ፣ ክፍልሽም መስኮት ይኑረው።

መልሴን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ትናንት ለዶን አፖሎኒዮ አሳየኋቸው። ጽሑፉ አይናገርም አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ይህንን ጽፌ እንደጨረስኩ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ፤ አንድ ኮኮናት አለብኝ።

ክሪሳንቶ