ያለ ፈቃድ ስላደገው ኮጆ ላቬንደር

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6 ቀን 1974፣ ጋና፣ ሴኮንዲ ገበያ።
የጠዋቱ ሽያጭ፦ ሰማያዊ ባለ ወፍ ሁለት ጣቃ፣ የሐዘን ጥቁር ግማሽ ጣቃ። አንዲት ሙሽራ ከእናቷና ከአክስቶቿ ጋር ስትመርጥ አርፍዳ አንድ መሐረብ ገዝታ ሄደች። ማክሰኞ በእኛ ልማድ ጀልባ ወደ ባሕር ስለማይወጣ ገበያው ቀዝቃዛ ነው፤ ደብዳቤ ለመጻፍ ይመቻል።

ለክቡር አቶ ቲ. ኬ. አርምሶን ኤሹን
የመድረክ ጨዋታ አጽዳቂ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ማክሰኞ በትያትር አዳራሹ የፊት ወንበር ላይ ቆመው ሲጮኹ ድምፅዎ ተሰንጥቆ ስለ ነበር፣ ጉሮሮዎ ዝንጅብል በማር አግኝቶ እንደ ሆነ ብጠይቅ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ከእጅዎ ለማይለየው ማኅተምም የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በዚህ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ አራባ ቤንትሲል ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ የምጽፈው ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ደጋግሜ ቆሜ «ሴትዮ፣ ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለ ተባልኩ ነው። ግልባጩ ገበያው መግቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ማንበብ የማይችሉት የሚያነብላቸው አያጡም።

የንጋት ኮከብ የሙዚቃ ትያትር ቡድንን በሚመለከት የጻፉትን ትእዛዝ የቡድኑ መሪ ኤግያ ታዊያ፣ እኛ ሁላችን አባት የምንላቸው ሽማግሌ፣ ወደ ሱቄ ይዘውት መጡና አነበብኩላቸው። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ኮጆ ላቬንደር የተባለው ገጸ ባሕርይ ከጸደቀለት ጽሑፍ ውጭ አድጎ ስለ ተገኘ፣ በመጪው ቅዳሜ በሚቀርበው ትያትር ወደ ቀድሞ መጠኑ እንዲመለስ፤ ይህ ባይፈጸም ቡድኑ ፈቃዱን እንዲነጠቅ።» ፈቃድ ከሌለ አዳራሽ የለም፤ አዳራሽ ከሌለ ተጫዋቾቹና ሙዚቀኞቹ ከነቤተሰባቸው ሜዳ ላይ ናቸው። የገበያ ሱቅ ከመስመሩ ወጥቶ ሲገኝ ሜትር የያዘ ሰው ተልኮ ሲያስፈርስ አይቻለሁ። ሰው ከመስመሩ አልፎ በማደጉ ሜትር ሲላክበት ግን በእርስዎ ዘመን የመጀመሪያው ነውና፣ ይህን ለማየት ስላበቁን እናመሰግናለን።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ክቡርነትዎ ያጸደቁትን ኮጆ ላቬንደር ለማያውቁት አንባቢዎች ላስተዋውቅ። ነጭ ሙሉ ልብስ ይለብሳል፤ ስሙን ያገኘው በላዩ ላይ ከሚያፈስሰው ሽቶ ነው፤ ሥራ የለውም። አዶማ የምትባል ወላጆቿን ያጣች፣ ለእንጀራ እናቷ ዓሣ በሳፋ እየተሸከመች የምትሸጥ ልጅ ይወዳል። ወደዳት ማለት ዘፈነላት ማለት ነው። ስለ ዓይኗ ይዘፍናል፣ ስለ አረማመዷ ይዘፍናል፣ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይዘፍናል። የእንጀራ እናትየዋ ልጅቱን ሳፋዋን አሸክማ ከቤት ስታባርራት፣ የዓሣ ውኃ ልብሱን እንዳይነካበት እየዘለለ ይሸሻል። መጨረሻ ላይ አጎቱ ይሞትና መኪና ያወርሰዋል፤ በመኪናው ይመጣል፤ ያገባታል፤ መጋረጃ ይዘጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራም። «ቆንጆዬ» ይላታል እንጂ ማን እንደምትባል አያውቅም። ይህን ጽሑፍ አንብበው «ለሕዝብ ተስማሚ» ብለው ፈርመውበታል። በእኔ ሙያ ዕቃው ሳይሻሻል ዋጋው ብቻ ሲሰቀል የምንጠራበት ስም አለ፤ ለክቡርነትዎ ጆሮ ስለማይመጥን አልጽፈውም።

ሁለተኛ። «ማን ፈቅዶለት አደገ?» ብለው ኤግያ ታዊያን እንደ ልጅ አቁመው እንደ ጠየቋቸው ሰምቻለሁ። እኔ ጨርቄን ይዤ ገበያ ወደሚውልበት ሁሉ እዞራለሁ፤ ቡድኑም ሰው ወደሚበዛበት ይዞራል፤ ስለዚህ ትያትሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እርስዎ አንድ ጊዜ፣ ያውም እኩሌታውን አይተዋል። እንግዲህ እኔ ልመልስልዎ።

ነገሩ የተጀመረው ከፋሲካ በኋላ ሻማ ከተማ ነው። እንደሚያውቁት፣ ምናልባትም እንደማያውቁት፣ በእኛ አገር ተመልካች ያዘነለት ተጫዋች ሲኖር መድረኩ ላይ ወጥቶ ሳንቲም ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፣ የበቆሎ ኬንኪ ያጎርሰዋል፣ እንባውን ይጠርግለታል። ያን ዕለት አዶማ ተባርራ ስታለቅስ (አዶማን የሚጫወቱት በቡድኑ ልማድ ወንድ ናቸው፤ ጢማቸውን ተላጭተው ቀሚስ የሚለብሱ አናጢ፣ አቶ ኩዌኩ ዶንኮ) ሴቶቹ እየተነሡ የያዙትን ሰጧት። ቀጥሎ ኮጆ ላቬንደር ሽቶውን እያሸተተ ወጣና ዘፈኑን ጀመረ። እሱን የሚጫወተው ፊፊ አቤካ ነው። ፊፊ ያን ጊዜ ትወና የሚባል ነገር አያስፈልገውም ነበር፤ ራሱን ይዞ ይወጣ ነበር። በየመናኸሪያው «ነገ እመጣለሁ» ያላት ልጅ ነበረችው።

ዓሣ ሻጯ ማሜ ኮሩዋ ከወንበሯ ተነሣች። ሳንቲም የምትሰጥ መስሎን ነበር። ከገበያ በቀጥታ ስለ መጣች ያልተሸጠ ዓሣዋ አጠገቧ ነበር። ሳፋውን ከነዓሣው፣ ከነውኃው አንሥታ መድረኩ ላይ ወጣች።

«አንተ ሽቶ!» አለችው። «ይህን ሁሉ ዘፈን ዘፈንክላት፤ አንድ ሳፋ አላነሣህላትም። በል ያዝ!»

«አንሣ! አንሣ!» አለ አዳራሹ።

«ኮቱን እዩለት፣ ለቀብር የተዋሰው ይመስላል!»

ልብሱ እንዳይነካ አጎንብሶ ሊያመልጥ ሲል በአንድ እጇ ትከሻውን ያዘችው። «አንገትህን ቀና አድርግ እንጂ! እኛ ልጅ አዝለን እንሸከመዋለን።»

ሳፋውን ራሱ ላይ አስቀምጣለት ወርዳ ተቀመጠች።

ክቡርነትዎ ዓሣ ተሸክመው ስለማያውቁ ልንገርዎ፦ ውኃው መጀመሪያ የሚወርደው ዓይን ውስጥ ነው። ፊፊ ዓይኑን መጥረግ አልቻለም፤ እጁ ሳፋውን ይዟል። ዘፈኑ ጠፋበት። ጊታር መቺው መግቢያውን ደጋግሞ ሰጠው፤ አልመጣለትም። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለተኛውን ሄደ፣ ከአዶማ ፊት ደረሰና ቆመ። ከዚያ እንደ ዘፋኝ ሳይሆን እንደ ደከመ ሰው፣ «ለመሆኑ… ስምሽ ማን ነው?» አለ።

አቶ ዶንኮ ይህን የሚመልስ ቃል አልተማሩም ነበር። በወንድ ድምፃቸው፣ «አዶማ» አሉ። «አዶማ እባላለሁ።»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ይኸው፣ አሁን ሰው መሆን ጀመረ!» ብላ ጮኸችና ሁሉም በአንድነት አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ ፊፊ ያንን ትቶ መጫወት አልቻለም። ኤልሚና ላይ ሳፋውን ራሱ አነሣ፤ ለሸክም የሚጠቀለለውን ጨርቅ አጠቃለሉን አልቻለበትም ነበርና ሴቶቹ ከወንበራቸው «ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ አጥፈው!» እያሉ አስተማሩት። አክሲም ላይ የእንጀራ እናትየዋ ልጅቱን ስታባርር ሳይሸሽ ቆሞ ስድቡን አብሯት ጠጣ። ስለ ዓይኗ የሚዘፍነውን ዘፈን ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ተወው። «ያሳፍረኛል» ነው ያለው። ግን መልኩን የሚያይባት ትንሽ መስተዋት አሁንም ኪሱ ውስጥ አለች፤ ሳፋውን ተሸክሞ እንኳ አንድ ጊዜ ሳያያት አያልፍም። እኔ የማምነው በዚህች መስተዋት ነው። ጨርሶ ጻድቅ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ከእርስዎ በፊት እኔ እከስሰው ነበር።

ሦስተኛ። «የተማሩ ወንዶች ክብር ተዋርዷል» ብለዋል። ኮጆ ላቬንደር የተማረ መሆኑን ከየት እንዳገኙት አላውቅም። ከኮቱ ከሆነ፣ ኮት እኔም እሸጥልዎታለሁ።

አራተኛ። «ሰው በአንድ ምሽት አይለወጥም፤ ስለዚህ አዲሱ ኮጆ ከእውነት የራቀ ነው» ሲሉ መርምረው ጽፈዋል። እውነት ነው፣ በአንድ ምሽት አልተለወጠም። ብዙ ከተማ፣ ብዙ ስድብና ብዙ የዓሣ ውኃ ፈጅቷል። በአንድ ምሽት የተለወጠው እርስዎ ያጸደቁት ነው፤ እሱም የተለወጠው በመኪና ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሳፋው ከፍ ሲል «ይቁም! ይህ አልተፈቀደም!» ብለው ሲነሡ፣ መረቡን ጠግኖ የመጣ ዓሣ አጥማጅ «አንተ ኮት ለባሽ፣ ቁጭ በል! ሳፋው ያለው አንተ ራስ ላይ አይደለም!» ማለቱን ለድፍረቱ ይቅር ይበሉት። ከዚያ ወዲያ ተቆጥተው ስለ ወጡ፣ የከሰሱትን ነገር ሳያዩ እንደ ከሰሱት ለመዝገብዎ አስታውሳለሁ።

እርስዎ ሳይደርሱበት የራሴን ጥቅም ልናገር። ቡናማ፣ ክብ ክብ ሥዕል ያለበት ጨርቅ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ ነበር። ከሻማ ስመለስ ክቦቹ ሳፋ መሰሉኝና ስሙን «ስምሽ ማን ነው» አልኩት። በእኛ ገበያ ጨርቅ ስም ሲያገኝ ይሄዳል፤ ሄደ። ስለዚህ ኮጆ ላቬንደር ወደ ቀድሞ መጠኑ ቢመለስ እኔም እጎዳለሁ። ነገር ግን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህ ጥቅሜ ብቻ አይደለም።

እሑድ ዕለት ፊፊ ወደ ቤቴ መጣ። ሽቶ አልተቀባም ነበር። «ማሜ አራባ፣ እናቴ» አለኝ፣ «ለኤግያ ንገሪልኝ፤ እኔ ልውጣና ሌላ ሰው ይተካኝ። በእኔ የተነሣ ቡድኑ አይዘጋ።»

«ምን አለበት፣ ቅዳሜን እንደ ድሮው ተጫወተውና እለፈው» አልኩት። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መጀመሪያ የሚታየኝ መውጫው ነው።

«እንደ ድሮው መጫወቱስ ቀላል ነው» አለኝ። «እሷ ስታለቅስ እየሣቅሁ መሸሹ ነው ያቃተኝ። እግሬ እንቢ ይላል።»

ለዚህ ልጅ ፈቃድ የሚባል ነገር ከዚህ በፊት ምኑም አልነበረም፤ ለሌላ ሰው እንጀራ ብሎ ከመድረክ ለመውረድ ሲነሣ ሳይ፣ ከጸደቀለት መጠን አልፎ ያደገው ገጸ ባሕርይው ብቻ አለመሆኑ ገባኝ። እሱንም በሜትር ሊለኩት ይችላሉ።

ስለዚህ ትእዛዝዎን ውል እንደማነብ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ግሩም አድርገው ጽፈውታል። «ተጫዋቾች ካልጸደቀው ቃልና ድርጊት ይታቀቡ» ይላል። ተጫዋቾች ብቻ። ከሥሩ ደግሞ፣ በዚያው በማኅተምዎ፣ «ተመልካች በተለመደው መሠረት ለተጫዋች ስጦታ ማቅረብ ይችላል» ይላል። የስጦታው ዓይነትና ክብደት አልተወሰነም።

እንግዲህ ፊፊ ከቡድኑ አይወጣም። ቅዳሜ ከነነጭ ልብሱ ይቆማል፤ የጸደቀለትን ዘፈን፣ የጸደቀውን ያህል ይዘፍናል። ስጦታውን እኛ እናቀርባለን። የሻማዋ ማሜ ኮሩዋ፣ የኤልሚና ሴቶች፣ እኛም የሴኮንዲዎቹ በሰልፍ እንወጣለን፤ አንዷ ሳፋዋን ስታነሣለት ሌላዋ ትተካለታለች። «ስምሽ ማን ነው?» የሚለውን ደግሞ እሱ ቃል ሳይተነፍስ አዳራሹ በሙሉ ይጠይቅለታል፤ አዳራሹ ራሱ ይመልስለታል። እሱ ዝም ብሎ ይሸከማል። ዝምታ በትእዛዝዎ አልተከለከለም፤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ኤግያ ታዊያ ይህን ስነግራቸው ትእዛዙን እንደገና አስነብበውኝ፣ «ልጄ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም» ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ሄዱ።

ፈቃዱን እነጥቃለሁ ካሉ፣ ተጫዋች የትኛውን ቃል እንደ ተላለፈ በጽሑፍ ይግለጹልን። በገበያው መግቢያ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ቦታ ትተንልዎታል።

ክቡርነትዎ ሰውን ባለበት ለማቆየት ስለሚደክሙት ድካም፣ ከዚያ ድካም የተነሣም ራስዎ ካሉበት ንቅንቅ ሳይሉ ስለ ቆዩበት ጽናት፣ መቼም በማይጎድል አክብሮት እጅ የምነሣ፣

አራባ ቤንትሲል
ጨርቅ ነጋዴ፣ የተመልካች ወገን

እንደገና ልጨምር፦ የፊት ወንበርዎ እንደ ተጠበቀ ነው። መድረኩ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ውኃው የሚወርደው በዚያ በኩል ነውና ያንን አመድማ ልብስ እንዳይለብሱ እመክራለሁ። ባለቤትዎም ትናንት ከሱቄ «ስምሽ ማን ነው»ን ሁለት ቁራጭ ገዝተው፣ ሳፋው እዚያው ይሰጣል ወይስ ከቤት ይመጣል ብለው ጠየቁኝ። ከቤት ይመጣል አልኳቸው።

ነገ፦ ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርዶ ለቅዳሜ የሚሆን ትኩስ ዓሣ ማስያዝ።