ስሙን ያልነገሩኝ ቅጠል

ውድ አጎቴ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ግን ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ እርስዎም አይመልሱልኝም።

እማዬን ረቡዕ ደሴ ይዣት እወርዳለሁ። እግሯን ከጉልበቷ በታች ይቆርጡታል። እርስዎ በየሳምንቱ እየመጡ ቅጠል ያስሩበት የነበረው ቁስል፣ ከሞቱ ወዲህ አመርቅዞ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል።

ቅጠሉን ለትምህርቴ ይስጡኝ ብዬ የለመንኩዎትን ያስታውሳሉ? ውስጡ ያለውን፣ ቁስል የሚያደርቀውን ነገር ለብቻው ለይቼ አወጣለሁ ስልዎ «አንቺ የብልቃጥ ደብተራ» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ደርቆ የተወቀጠ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ስሙን ስጠይቅዎ ግን ተቆጡ።

«ስሙ ከአፍ ከወጣ መድኃኒቱ ይረክሳል። ስሞት ለአንድ ሰው እነግራለሁ፤ እስከዚያ አትጠይቂኝ» አሉኝ።

ለማንም አልነገሩም። ከአሸተን ማርያም ገዳም ሲወርዱ አረፍ ልበል ብለው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ በዚያው ቀሩ።

እኔ ያን ጊዜ በምማርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበርኩ። ቅጠሉን በአልኮል ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ አልኮሉን ካተነንኩት በኋላ ጥቁር አረንጓዴ ዝቃጭ ቀረኝ። ከእማዬ ቁስል የተወሰደው ጀርም ላይ ጠብ ሳደርገው ዙሪያውን ሞተ። አለቀስኩ፣ አጎቴ፤ ከደስታ። ከዚያ ዝቃጩን ምንም ሳላስቀር ነጭ ዱቄት በተሞላ የብርጭቆ ቱቦ አሳልፌ ውስጡ ያሉትን ነገሮች ለያየሁ። በብዛት የወጣውን ክፍል ደጋግሜ አጠራሁት። በመጨረሻ እንደ ጨው የነጣ ንጹህ ነገር እጄ ገባ። ጀርሙ ላይ ባደርገው ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ጀርሙ ፋፋ። ከተለያዩት ሁሉ አንዷ ጠብታ ብቻ ትንሽ ሠራች፤ እሷም እዚያው አለቀች።

ነገሩን የፈታልኝ ለተዝካርዎ ስመጣ ያገኘሁት ደግሰው የሚባለው ተማሪዎ ነው።

«የኔታ ብቻውን መቼ ሰጥተው ያውቃሉ» አለኝ። «ዓይን እንዳይለየው ሌላ ቅጠል አብዝተው ይቀላቅሉበታል። መድኃኒቱን ራሳቸው ናቸው የሚቆርጡት። እኛን የሚልኩን ለማሳሳቻው ነው።»

ስንት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ያጠራሁት ማሳሳቻውን ኖሯል።

ከደግሰው ጋር እርስዎ ይወጡበት የነበረውን የአሸተንን ገደላገደል ስንዞር ሰነበትን። ያገኘነውን ቅጠል ሁሉ ወደ ቤተ ሙከራው እያመላለስኩ ሞከርኩት። አንዱም እሱ አይደለም። ሐኪሙም ከዚህ በላይ መጠበቅ እማዬን መግደል ነው አለኝ።

ተናድጄብዎታለሁ። እህትዎ ናት። እንደ ልጅ ያሳደገችዎ፣ ለእርስዎ ስትል ያልተማረች እህትዎ። ለእሷ እንኳ አንድ ቃል ማውጣት እንዴት ከበደዎት? ከእንግዲህ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆሜ ምን እንደማጠራም አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት እግሯን ሳጥብላት ይህንኑ አማርሬ ነገርኳት።

«ወንድሜን አትውቀሺው» አለችኝ። «ለእኔ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም አልነግርሽም ነበር።»

ማጠቤን ቀጠልኩ።

ረቡዕ ከመውረዳችን በፊት መቃብርዎ ዘንድ ሄዳ፣ በሁለት እግሯ ቆማ ልትሰናበትዎ ትፈልጋለች። ደግፌ አመጣታለሁ።

የእህትዎ የይማርሽ ልጅ
ሙሉዬ
ላሊበላ